የመቶ ሦስቱ ግድግዳ ጠባቂ

ሰው ተሰብስቦ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ፣ የሌላውን ሰው ደመወዝ ከባለደመወዙ አብልጦ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ቢሮም ፋብሪካም ትምህርት ቤትም ውስጥ አለ። ስንት እንደሚከፈላችሁ ብቻ አይደለም የሚያውቀው። ስንቱ ለግብር እንደሚሄድ፣ ስንቱ ለመድን እንደሚቆረጥ፣ ልጃችሁ ስንት ዓመት ሲሞላው የትኛው አበል እንደሚቋረጥ፣ ሚስት አንድ ሰዓት ጨምራ ብትሠራ ቤቱ ምን እንደሚጎድልበት፣ ሁሉንም በቃሉ ይወጣዋል። ማንም ሳይጠይቀው ይመክራል። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልክ መሆኑ ነው።

የኛዋ ወይዘሮ ሺራኢሺ ይባላሉ። ክብርት የግድግዳ ሚኒስትር፣ የአበል ሊቅ፣ የያይዙ ወደብ ባለትዳር ሴቶች ሁሉ የበላይ አማካሪ። ይህን ሁሉ ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ስናደድ ማዕረግ እሰጣለሁ። አሁንም ተናድጃለሁ። የሰፈራችን ጋዜጣ አዘጋጅ የጠየቀኝ ስለ አዲስ ዓመት ምግብ አሠራር እንድጽፍለት ነበር። ይቅርታ ያድርግልኝ፣ ሆዴ ውስጥ ያለው እሱ አይደለም።

የምንሠራው ከአንድ መለስተኛ የምግብ መደብር ጀርባ ባለች ጠባብ ማብሰያ ክፍል ውስጥ ነው። ሰው ከሥራ ደክሞት ሲመለስ ለራት የሚገዛውን እንጠብሳለን፤ ኮሮኬ የምንለውን የድንችና የሥጋ ጥብስ፣ ዓሣ፣ ዶሮ፣ በሊጥ የተነከረ የሽሪምፕ ቴምፑራ። አራት ሴቶች ነን። ሦስቱ ባል አላቸው፣ እኔ የለኝም። ይህ ልዩነት ድንች ለመላጥ አይጠቅምም አይጎዳምም፤ ወደ ደመወዝ ሲመጣ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ባል ያላት ሴት በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሠላሳ ሺህ የን በላይ ካገኘች የገቢ ግብር ይጀምራታል። እሱስ ትንሽ ነው። ችግሩ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ለባልየው “የሚስት አበል” ብለው የሚሰጡትንም ገንዘብ እዚያው መስመር ላይ መቁረጣቸው ነው። እኛ ገንዘብ የምንቆጥረው በአሥር ሺህ ስለሆነ መስመሩን “የመቶ ሦስቱ ግድግዳ” እንለዋለን። ከሱ ወዲያ ደግሞ የመቶ ሠላሳው ግድግዳ አለ። ያንን ያለፈች ሴት ከባሏ የጤና መድን ወጥታ መድኗንም ጡረታዋንም ከገዛ ኪሷ መክፈል ትጀምራለች፤ ትንሽ ጨምራ በመሥራቷ ብዙ ጎድሎባት ቤቷ ትገባለች። በዚህ ምክንያት ዲሴምበር በመጣ ቁጥር፣ ሥራ እጅና እግር በሚያስርበት ወር፣ ያገሬ ሚስቶች መስመሩን እንዳያልፉ ሽርጣቸውን ፈትተው ቤታቸው ይቀመጣሉ። ሰንፈው አይደለም። የሚያስቀምጣቸው ሒሳቡ ነው። የቀረውን የምጠብሰው ደግሞ እኔ ነኝ።

እኔ የተቀጠርኩ ዕለት ወይዘሮ ሺራኢሺ ስሜን አልጠየቁኝም።

“ባል?” አሉኝ፣ ድንች እየላጡ።

“ተፋተናል።”

“ልጅ?”

“አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፣ ኮቶሃ ትባላለ...”

“ስሟን ተዪው። ዕድሜዋን ንገሪኝ።”

“አራት።”

ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በዓመት እስከ ስንት ብሠራ ብቻዋን ልጅ ለምታሳድግ እናት የሚሰጠው አበል ሳይነካ እንደሚቆይልኝ፣ ከስንት ጀምሮ እየተሸረሸረ እንደሚሄድ፣ ስንት ላይ ስደርስ ማዘጋጃ ቤቱ ግብር እንደሚጠይቀኝ፣ እንደ ጠንቋይ ዘረዘሩልኝ።

“አደራሽን፣ ከዚህ እንዳታልፊ” አሉ በመጨረሻ። “ግድግዳ አይለመንም።”

ይህች “ግድግዳ አይለመንም” የምትባል ነገር ከአፋቸው አትጠፋም። ልጅ ለወለደችም፣ ባሏ ሥራ ለቀየረም፣ ልጇ ትምህርት ጨርሶ ሥራ ለያዘም ይሏታል። የኔን ስም የጠየቁኝ ከሰዓት በኋላ ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ኮሮኬ የሚገዛ አንድ የጥርስ ሐኪም አለ። ሦስት ልጆች አሉት። መኪናው ከኛ ማብሰያ ክፍል ትሰፋለች። ገቢው ከፍ ያለ ስለሆነ መንግሥት የልጆቹን አበል ጨርሶ ቆርጦበታል። ይህንን ከሚስቱ ከሰሙ ጀምሮ ወይዘሮ ሺራኢሺ ሰውየውን ባዩ ቁጥር ዓይናቸው እንባ ያቀርራል።

“ምስኪን!” ይላሉ፣ አንድ ኮሮኬ በነፃ እየጨመሩለት። “ለሦስት ልጅ አንድ የን እንኳ አያገኝም!”

“እትዬ ሺራኢሺ፣ ሰውየው እኮ ሀብታም ነው።”

“ቢሆንስ? መስመሩን ለጥቂት ነው ያለፈው። ሁለት ጥርስ ሳይነቅል ቢቀር ኖሮ ትንሽም ቢሆን ያገኝ ነበር።”

በመላው ከተማ ለሀብታም የሚያለቅስ ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ለኮቶሃ የምወስደውን ኮሮኬ በሙሉ ዋጋ ነው የምገዛው፤ አንድ ቀን ተጨምሮልኝ አያውቅም። ይህን በነገርኳቸው ጊዜ “አንቺማ አበል አለሽ” ብለውኝ ወደ ዘይታቸው ዞሩ። ደሜ ፈላ።

ቢሆንም ያ ንዴት ከሠላሳ የኗ ንዴት ጋር አይወዳደርም። ያለፈው ጸደይ ላይ፣ ኮቶሃ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ነው። ባለ መደብሩ አቶ ኖሚዙ ወደ ማብሰያ ክፍላችን ብቅ አሉ። አቶ ኖሚዙን ስስታም ብል ሐሜት ይሆንብኛል፤ ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት ረጅም ጊዜ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ ሰው ናቸው ልበል። ያን ቀን በጣም ጠረጉ።

“ካጂታኒ” አሉኝ። “ከሚመጣው ወር ጀምሮ በሰዓት ሠላሳ የን ልጨምርልሽ አስቤያለሁ።”

አፌን ሳልከፍት ከመጥበሻው ጀርባ ድምፅ መጣ።

“አትቀበልም!”

“ምን?” አልኩ።

“አትቀበልም፣ አቶ ኖሚዙ። እግዜር ይስጥልኝ ትላለች፣ ግን አትቀበልም።”

አቶ ኖሚዙ ፊታቸው በራ። “እንግዲህ ካልፈለገች...” ብለው ሐሳቤን ሳልቀይርባቸው ፈጥነው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ጭማሪ የሚባል ቃል ካፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

“ማን ነዎት እርስዎ?” ብዬ ጮህኩ። እጄ ላይ ያለውን ሊጥ መሬት ላይ አራገፍኩት። “እናቴ ነዎት?”

“እናትሽ ብሆን በጥፊ ነበር የማጮልሽ። ስሚኝ። አሁን ከመስመሩ በታች ስለሆንሽ የማዘጋጃ ቤት ግብር የለብሽም። በሠላሳዋ የን ታልፊዋለሽ። ግብሩ ይመጣል። አበልሽ ይቀንሳል። ኮቶሃ ትምህርት ቤት ለምትበላው ምሳ የሚሰጥሽ ድጋፍ ይቀራል። ዓመቱን ሙሉ ሠላሳ ሠላሳ የን ስትለቅሚ ትከርሚና ከለቀምሽው በላይ ታፈሻለሽ። ይሄ ነው የሚያስጮህሽ?”

ቤቴ ገብቼ ደመርኩ፣ ቀነስኩ። ልክ ነበሩ። ያቃጠለኝ ይሄ ነው። የጥርስ ሐኪሙ አንድ ጥርስ ጨምሮ ቢነቅል ከዋጋው የሚበዛው ኪሱ ይገባል። እኔ ሠላሳ የን ሲጨመርልኝ ከፋይ እኔው ነኝ። ይህንን ሕግ ያወጡት ሰዎች መቼም ክፉዎች አይደሉም። አንዱ ቢሮ ለእናቶች ልርዳ አለ፣ ሌላው ቢሮ ለድሃ ግብር ልተው አለ፣ ሦስተኛው የልጅ ምሳ አሰበ፤ ሦስቱም እርዳታቸውን አንድ ሰፈር ላይ አቆሙትና እኔ እዚያ ጫፍ ላይ ደርሼ አንድ እግሬን ማንሳት አቃተኝ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው የሚናደድበት ፊት ያስፈልገዋል። የቢሮዎቹን ሰዎች ፊት አላውቀውም። የወይዘሮ ሺራኢሺን ግን በየቀኑ አያለሁ። ለብዙ ቀናት አላናገርኳቸውም። እሳቸው ግን አናገሩኝ፤ ያውም ስለ አበል።

ኦክቶበር ላይ ደግሞ መንግሥት የሰዓት ክፍያን ዝቅተኛ ወለል ከፍ አደረገ። ሌላ ቦታ ቢሆን ሠራተኛ ይጨፍራል። እኛ ክፍል ውስጥ ሐዘን ሆነ።

“ይኸው፣ ጨመሩብን!” አለች አንደኛዋ ባልደረባችን።

እኔ ክፍያዬ ከወለሉ ከፍ ይል ስለነበር አልነካኝም። ሦስቱ ግን ወለሉ ላይ ነበሩ። ወይዘሮ ሺራኢሺ ያን ሁሉ ዘመን ሲጠብሱ ኖረው ወለሉ ላይ የቀሩት ግድግዳቸውን ፈርተው ጭማሪ በመጣ ቁጥር ራሳቸው እየመለሱት ነው። እንግዲህ ሰዓቱ ሲወደድ ግድግዳው ባለበት ስለቆመ፣ በፊት ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ይደረስበት የነበረው ያን ዓመት ኖቬምበር ሳያልቅ ተደረሰበት። ሦስቱም ተሰናብተውኝ ቤታቸው ገቡ። ክፍያ ስለተጨመረ ሠራተኛ ጠፋ። ይህንን ለልጄ ሳስረዳት “አልገባኝም” አለችኝ። እኔም አልገባኝም አልኳት።

አቶ ኖሚዙ በዚያው ሳምንት ጠሩኝ።

“ካጂታኒ፣ ባለፈው ዓመት መጨረሻ ቀን የሆነውን አትረሺውም።”

እንዴት እረሳዋለሁ? የዓመቱ መጨረሻ ቀን ከተማው በሙሉ ኑድል ይበላል፤ ኑድሉ ላይ ቴምፑራ ይፈልጋል። ለአዲስ ዓመት ደግሞ በድርብርብ ሳጥን የሚቀርበውን ምግብ፣ ጥቁር ባቄላውን፣ ጣፋጩን የእንቁላል ጥቅል፣ ሽሪምፑን፣ አስቀድሞ ያዛል። ብቻዬን ስለነበርኩ ቴምፑራው በእኩለ ቀን አለቀ። ሳጥኖቹ ዘገዩ። አንዲት አሮጊት ባዶ ሳህናቸውን ይዘው ሲመለሱ “ድሮ እንዲህ አልነበረም” ያሉኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

“ዘንድሮም እንደዚያ ከሆነ ክፍሏን እዘጋታለሁ” አሉ አቶ ኖሚዙ። “ከጃንዋሪ ጀምሮ ተጠብሶ የበረደ ነገር ከፋብሪካ አስመጣለሁ።”

“እኔስ?”

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሌላ መልስ አላስፈለገኝም። ሦስቱ ቢዘጋም ባል አላቸው። እኔ የቤት ኪራዬም የኮቶሃ ጫማም የሚወጣው ከዚያች የዘይት ጭስ ከማይለቃት ክፍል ነው፤ በኔ ዕድሜ፣ ልጅ ይዤ፣ ማን ይቀጥረኛል?

ወይዘሮ ሺራኢሺ ጋ ስልክ ደወልኩ። ለመንኳቸው። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ሰው ለምኜ አላውቅም።

“እትዬ ሺራኢሺ፣ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ቀናት ብቻ። ክፍሏ ከተዘጋች እኔ አልቆልኛል።”

“የኔ እህት፣ አንጀቴን አትብዪው። መቶ ሦስቱን እኮ አፋፉ ላይ ደርሻለሁ። አንድ ቀን ብሠራ የባለቤቴ አበል ይሄዳል፣ የዓመት አበል።”

“በነፃስ ቢመጡ?”

“በነፃ ማሠራት ክልክል ነው። አቶ ኖሚዙን ልታሳስሪያቸው ነው?”

“እትዬ...”

“ግድግዳ አይለመንም።”

ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት። ከዚያ ብቻዬን ክፍሏ ውስጥ ቆሜ፣ ክብርት የግድግዳ ሚኒስትር ብዬ፣ እዚህ ልጽፈው የማልችለውን ማዕረግ ሁሉ ጨመርኩላቸው።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ አንድ ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው አቶ ሺራኢሺ ኮሮኬ ሊገዙ መጡ። የመርከብ ዕቃ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ፣ ዝምተኛ፣ ቀጭን ሰው ናቸው።

“እባክሽ ጥሪያት” አሉኝ። “ቤት ቁጭ ብላ ቴሌቪዥኑ ላይ ትጮሃለች። ‘ዘይቱ አልሞቀም! ሊጡ ወፍሯል!’ ትላለች። ምግብ አብሳዩ አይሰማት ነገር። እኔ ነኝ የምሰማት።”

“ብጠራቸው ይመጣሉ እንዴ፣ ጋሼ? የእርስዎ አበል ይቀራል ብለው እኮ ነው።”

“የምን አበል?”

“የሚስት አበል።”

“እሱማ ድሮ ቀረ” አሉ፣ ኮሮኬውን በጣታቸው እየጠቆሙ። “ልጆች ላሏቸው ሠራተኞች አዞሩት። የኛ ልጆች ደግሞ አድገው ወጥተዋል። ከዚያኛው፣ ከቡናማው አራት አድርጊልኝ።”

መቆንጠጫው ከእጄ ወደቀ።

“ድሮ ማለት መቼ ነው?”

“ኧረ ብዙ ዓመት ሆነው። የደመወዝ ወረቀት ቀርቶ በስልክ ነው የሚመጣላችሁ ያሉን ጊዜ። መነሻ ደመወዙን ትንሽ ከፍ ስላደረጉት ባንክ የሚገባው ያው ነበር።”

“ለእትዬ አልነገሯቸውም?”

“አልጠየቀችኝማ” አሉ አቶ ሺራኢሺ። አልዋሹም፤ ፊታቸው ላይ አንዳች ነገር አልነበረም።

ኮሮኬውን ሳልሰጣቸው ወጣሁ። ከነሽርጤ፣ ከነቦት ጫማዬ፣ በንፋስ ውስጥ እየተራመድኩ ያ ሁሉ ዓመት በዓይኔ ላይ መጣ፤ ብቻዬን የጠበስኳቸው ዲሴምበሮች፣ የተቃጠለ ክንዴ፣ ባዶ ሳህን ይዘው የተመለሱት አሮጊት። ሁሉም ለሌለ ግድግዳ! የሰው ሁሉ አበል በቃሏ የሚወጣት ሴት የገዛ ቤቷን አታውቅም! ዛሬ አፋቸውን አስይዛቸዋለሁ ብዬ እየፎከርኩ ነበር የሄድኩት።

የቤታቸውን በር ስከፍት ወይዘሮ ሺራኢሺ በኤሌክትሪክ ከሚሞቀው፣ ብርድ ልብስ ከለበሰው ጠረጴዛ ሥር እግራቸውን ከተው መንደሪን ይልጣሉ። ጫማዬን አላወለቅኩም፤ መግቢያው ላይ ቆምኩ።

“ግድግዳው የለም” አልኳቸው።

“የትኛው?”

“የእርስዎ። የጋሼ መሥሪያ ቤት የሚስት አበል መስጠት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። አሁን ራሳቸው ነገሩኝ።”

“ውሸትሽን ነው።”

“ይኸው መጡ፣ ይጠይቋቸው።”

አቶ ሺራኢሺ እያለከለኩ ደርሰው ነበር። ወይዘሮ ሺራኢሺ እጃቸውን ዘረጉ፤ ባልየው ስልካቸውን ሰጡ። ደመወዙን ከፍተው አዩት። የቀደመውን ወር አዩ። የቀደመውን ዓመት አዩ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ወደ ጣሪያው ቀና አሉ፤ ከንፈራቸው ግን አልተንቀሳቀሰም።

“ያ ሁሉ ዲሴምበር” አሉ ቀስ ብለው። “እኔ እኮ የዓመቱን መጨረሻ ቀን እወደዋለሁ፣ ካጂታኒ። ያን ቀን የዘይቱ ድምፅ ይለያል። ሰዉ ተሰልፎ ይስቃል፣ ይቀልዳል፣ ‘የኔን ትልቁን አድርጊልኝ’ ይላል። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ሌላ ሰው በቴሌቪዥን ሲጠብስ ሳይ እጄ ይበላኝ ነበር። ቁጠባ ነው ብዬ ቻልኩት።”

ልናደድባቸው ነበር የመጣሁት፤ ምን ላድርግ፣ አሳዘኑኝ። ያለቅሳሉ ብዬ ኪሴ ውስጥ መሀረብ ስፈልግ እሳቸው ተነስተው ቆሙ።

“አንተ!” አሉ ወደ ባላቸው ዞረው።

“እ?”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“አልጠየቅሽኝማ።”

“የሰፈሩን ሁሉ አበል እያወቅኩ ያንተን ልጠይቅ? ያንተንማ አውቀዋለሁ ብዬ ነዋ! ከዛሬ ጀምሮ ራትህን ከመሥሪያ ቤትህ ተቀበል። ካጂታኒ፣ ምን ይገትርሻል? ሱቁን ለማን ጥለሽ ነው የመጣሽው?”

በማግሥቱ ጠዋት ስገባ ቀድመውኝ ዘይት አሙቀው ነበር። የሁለቱን ባልደረቦቻችንን ባሎች አንድ በአንድ ስልክ እየደወሉ “ያንተ መሥሪያ ቤት አበሉን ይከፍላል ወይስ አቁሟል? ዛሬውኑ ጠይቀህ ንገረኝ” ብለው አፋጠጧቸው። የአንደኛዋም ጨርሶ ቀርቶ ተገኘ፤ ሚስትየዋ ባሏን ተራግማ ወደ ሥራ ተመለሰች። የሁለተኛዋ ግድግዳ ግን እውነተኛ ነበር።

“አንቺ እቤትሽ ቆይ” አሏት። “ያንቺው ግድግዳ ገና እንደቆመ ነው።”

እሳቸው ራሳቸው መቶ ሦስቱን አልፈው የመጣባቸው ግብር ከአንድ ሳጥን ሽሪምፕ ዋጋ አይበልጥም ነበር። ለዚህ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ዓመት።

የዓመቱ መጨረሻ ቀን ሰልፉ መንገዱን ተሻግሮ ዓሣ ማራገፊያው ጋ ደረሰ። ወይዘሮ ሺራኢሺ በሁለት እጃቸው ይጠብሱ ነበር። እኔን ተሳደቡ፣ ሊጡን ተሳደቡ፣ ሽሪምፑ የመጣበትን በረዶ ተሳደቡ፤ ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር። የጥርስ ሐኪሙ ከሰልፉ ወጥቶ በጎን ብቅ ሲል “ዛሬ ለማንም አድልዎ የለም፣ ተሰለፍ!” ብለው መለሱት። የታዘዙት ሳጥኖች በሙሉ በሰዓታቸው ወጡ። ያቺ አሮጊትም ሳህናቸው ሞልቶ ሄዱ። ቴምፑራው ያለቀው የመጨረሻው ሰው ከገዛ በኋላ ነው።

አቶ ኖሚዙ የሽያጩን ገንዘብ አይተው ወደ ክፍላችን ገቡ። ጉሮሯቸውን ሳይጠርጉ ተናገሩ።

“ክፍሏ አትዘጋም። እንዲያውም ቋሚ ኃላፊ ያስፈልጋታል። በወር ደመወዝ። ወይዘሮ ሺራኢሺ፣ እርስዎ ይሁኑልኝ።”

“እኔን ተዉኝ። እኔ ጡረታ ልወጣ ምን ቀረኝ? ካጂታኒ ትሁን።”

“እሺ፣ ካጂታኒ ትሁን” አሉ አቶ ኖሚዙ፣ ደመወዙንም ጠሩ። በሕይወቴ ተሰጥቶኝ የማያውቅ ገንዘብ ነበር። “እሺ” ልል አፌን ከፈትኩ።

“አይሆንም!” አሉ ወይዘሮ ሺራኢሺ።

አንገታቸውን ልይዛቸው ምንም አልቀረኝም። ልጄ ናት በዓይኔ ላይ የመጣችው።

“እባክዎ ዝም ይበሉ!” አልኩ። “ይሄ የኔ ሥራ ነው!”

“አንቺ ዝም በዪ። አቶ ኖሚዙ፣ ይህንን ከሰጧት አበሏ ይሸረሸራል፣ የማዘጋጃ ቤቱ ግብር ይመጣባታል፣ የልጇ ምሳ ድጋፍ ይቀራል። ኃላፊነቱን ተሸክማ፣ ቅዳሜና እሑድ ገብታ፣ ቤቷ የምትገባው ዛሬ በምትገባበት ገንዘብ ነው። ጭማሪው ለመንግሥት እንጂ ለሷ አይደለም። ወይ ማዶ ያሻግሯት፣ ወይ ባለችበት ይተዉዋት። መሀል ላይ እንዳይጥሏት።”

“ማዶ ማለት ስንት ነው?” አሉ አቶ ኖሚዙ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

ነገሯቸው። ወደ ጣሪያው እንኳ አላዩም። ቁጥሩን ለብዙ ጊዜ ይዘውት የኖሩ ይመስሉ ነበር፤ የሠላሳዋን የን ጊዜ ጀምሮ ይሁን ከዚያ በፊት አልጠየቅኳቸውም። አቶ ኖሚዙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደጋግመው ጠረጉ። ወይዘሮ ሺራኢሺ ሽርጣቸውን መፍታት ጀመሩ፤ ከጎናቸው ያለችውም ፈታች። እኔም ፈታሁ።

“ይሁን” አሉ አቶ ኖሚዙ። “ይሁን፣ ይሁን!”

ሲወጡ በሩን ሳይዘጉት ሄዱ። እኔ ደስ ይበለኝ ወይስ ልጩህ ሳላውቅ ቆሜ ቀረሁ።

“ለምን አልጠየቁኝም?” አልኩ። “ስለ ራሴ ኑሮ እኮ ነው። አንዴ እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁም!”

“ብጠይቅሽ በመጀመሪያው ትቀበይ ነበር።”

እውነት ነው፣ እቀበል ነበር። አለቀስኩ፤ መንደሪን ሰጡኝ።

ንዴቱ አልወጣልኝም። ሚስቱን ቤት አስቀምጦ ስልኩን በማይከፍተው ባል ተናድጃለሁ። ሠላሳ የን ሲጨመርላት የምትደነግጥ እናት በሚያመርተው ሒሳብ ተናድጃለሁ። ወይዘሮ ሺራኢሺም ያናድዱኛል፤ አሁን ደግሞ መቶ ሠላሳው አለብኝ ብለው ዕረፍታቸውን ኦገስት ላይ፣ ዘይቱ አላስጠጋ በሚልበት ሙቀት፣ ሊያደርጉት አስበዋል። “ሁልጊዜ ዲሴምበር ላይ ያረፍኩት ማን አዞኝ ነው?” ይላሉ። ኦገስትን ብቻዬን ልነድ ነው ማለት ነው። ግን አንድ ቀን ጉንፋን ይዟቸው ሳይመጡ ሲቀሩ ክፍሏ ጭር አለችብኝ፤ የሚሰድበኝ ሰው ናፈቀኝና ሥራ እንደጨረስኩ ሾርባ ይዤላቸው ሄድኩ።

ኃላፊ ሆኜ የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ የሚመጣውን ዲሴምበር ሰው መመደብ ነው። ገና ጃንዋሪ ነበር። የዓመቱ መጨረሻ ቀን በሚለው ረድፍ፣ መጥበሻ በሚለው ቦታ፣ ከራሴም ስም በፊት የሳቸውን ጻፍኩና ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። መነጽራቸውን አድርገው ተጠግተው አነበቡት።

“አብደሻል? ዓመቱ ገና መጀመሩ እኮ ነው።”

“ቀብድ ነው” አልኳቸው።

ቆም አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው በሽርጣቸው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉት፣ እንደገና አነበቡት።

“ቀብድ ከሆነ ደረሰኝ ይሰጠኝ” አሉና እሳቱን ለኮሱ።